ጓሮ የማይወድ ባል፣ ጓሮ የሰለቻት ሚስት፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ አትክልትን ለሁለት ማልማት

ባለቤቴ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። በመሀል ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግን የጣርማበርን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ አየሩም፣ አፈሩም፣ የሚበላውም ይለወጣል። እሱ ያደገው ፓፓያና ማንጎ በሚበቅልበት፣ ሽንኩርትና ማሾ በሚመረትበት ቆላ ነው። እኔ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ የኅዳር ውርጭ ሌሊቱን ሣሩን ነጭ አድርጎት በሚያድርበት ደጋ።

ተጋብተን ቤት የገባን ሰሞን ጓሮውን በደስታ አሳየሁት። "እዚህ ብርድ ላይ ምን ይበቅላል ብለሽ ነው?" አለኝና ጋቢውን ደርቦ ወደ ቤት ተመለሰ። ሦስት ዓመት ብቻዬን ቆፈርኩ፣ ብቻዬን አጠጣሁ። ነጭ ሽንኩርቴ ሲያምርልኝ የማሳየው ለጎረቤት ነበር። ይሄ በጣም ያሳዝነኝ ነበር። የምትወዱትን ነገር የምትወዱት ሰው ሳያይላችሁ ሲቀር ደስታው ጎዶሎ ይሆናል።

አሁን ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ጓሮ የሚወጣው እሱ ነው። እንዴት እንደሆነ ብዙ ጓደኞቼ ስለሚጠይቁኝ ቅደም ተከተሉን ልጻፈው። "እሱ" እያልኩ የምጽፈው የራሴን ቤት እያሰብኩ ስለሆነ፣ ሚስት ያላችሁ "እሷ" እያላችሁ አንብቡት። አፈሩና ዘሩ የሚከብድ ነገር የለውም። የሚከብደው ለባለቤታችሁ ራሱ የሚያዝበት ቁራሽ መሬት ሰጥቶ ከዚያ እጅን መሰብሰብ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

አንደኛ፦ ለምን እንደማይወድ እወቁ

"አይወድም" ብሎ መተው ቀላል ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ ከበስተጀርባው ምክንያት አለ።

ወንዶች ጋ በብዛት የማየው ጓሮ የሴት ነው የሚለው ነገር ነው። አንድ ቀን አማቴ ሊጠይቁን መጥተው ልጃቸው ተንበርክኮ ጎመን ሲኮተኩት አዩት። "ምነው ልጄ፣ ይሄ የሴት ሥራ አይደለም እንዴ?" አሉ። እሱም "እማዬ፣ አባዬ ሽንኩርት ይኮተኩት አልነበረም ወይ?" አላቸው። "እሱማ ለገበያ ነዋ!" አሉት። ያቺ መልስ ብዙ ነገር አስተማረችኝ። ለካ እጅና ዶማው አንድ ነው፣ ተንበርክኮ መኮትኮቱም አንድ ነው። ለገበያ ሲሆን የወንድ ሥራ ይባላል፣ ለድስት ሲሆን የሴት። ስለዚህ ባለቤታችሁ እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ከሆነ "ና አግዘኝ" አትበሉት። "ማገዝ" የሚለው ቃል ራሱ ሥራው የእናንተ፣ እሱ ደግሞ እንግዳ እንደሆነ ይነግረዋል። "ይሄን ቦታ ምን ብናደርገው ይሻላል?" በሉት። ሐሳብ ሲጠየቅ ባለቤት ይሆናል።

ሴቶች ጋ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነው። ገጠር ያደገች ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ ውኃ ቀድታለች፣ አርማለች፣ ኩበት ጠፍጥፋለች። ለእሷ ጓሮ መዝናኛ ሆኖ አያውቅም፣ ሥራ ላይ የተጨመረ ሥራ ነበር። ባሏ ከቢሮ መጥቶ "አትክልት እኮ መንፈስ ያድሳል" ሲላት ብትቆጣ አይፈረድባትም። ወንዶች ይህን ካያችሁ መጀመሪያ ጓሮውን ትታችሁ ወደ ወጥ ቤት ግቡ። ማታ ማታ እራት ሥሩ፣ ዕቃ እጠቡ፣ ልጆቹን ያዙ። እረፍት ያላገኘ ሰው በምንም ነገር መዝናናት አይችልም። ይሄን እርምጃ የዘለለ ሰው ከዚህ በታች ያለው አይሠራለትም።

ሌላው ቀላል ምክንያት ብርዱ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ሰዓት መምረጥ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ማንንም ሰው ጓሮ አትጎትቱ።

ሁለተኛ፦ በሆዱ ጀምሩ

የመጀመሪያው ዓመት ምን እንደሚተከል የሚወስነው ባለቤታችሁ የሚወደው ምግብ ይሁን። ቡና እየጠጣችሁ ጠይቁት። ከገበያ የምንገዛው ነገር ሲበላሽ የሚያናድድህ የቱ ነው? እናትህ ቤት የበላኸውና እዚህ ያጣኸው ምንድን ነው? በጾም ምን ብታገኝ ደስ ይልሃል? የእኔው ባል ሦስት ነገር አለ፦ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፓፓያ። ሦስቱም የደብረ ብርሃን ውርጭ የሚገድላቸው ናቸው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ብዙዎቻችሁ ዕድለኛ ትሆናላችሁ፣ ምክንያቱም ደጋው የሚወዳቸው አትክልቶች ብዙ ናቸው። ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ የሐበሻ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ባቄላ። ሽታ የሚወድ ከሆነ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል አለ። ጦስኝ ደግሞ በመንዝና በጣርማበር ከፍታዎች ላይ ራሱ የሚበቅል ነው፣ ብርድ አይፈራም። ሻይ ላይ ጦስኝ የሚያደርግ ሰው ካላችሁ አንድ ሥር ትከሉለት። በየጠዋቱ ሊቆርጥ ይወጣል። ወጣ ማለት ደግሞ ሌላውንም አየ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የመጀመሪያው ተክል ቶሎ የሚደርስ ይሁን። ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ ይበላል። ቆስጣ ከላይ ከላይ እየቆረጡት ደጋግሞ ያቆጠቁጣል። አምስት ወር የሚጠብቅ ነገር ብቻ ከሰጣችሁት በሁለተኛው ወር ፍላጎቱ ይሞታል።

ሦስተኛ፦ መደቡን ሁለት ሰው እንዲሠራበት አድርጋችሁ አውጡት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጓሮውን የሚያበላሸው እዚህ ነው። በአካባቢያችን በብዙ ቦታ አፈሩ ዋልካ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው። በክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ተክሉ ይቢጫል። በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሜዳውን ቆፍሮ መዝራት አይበቃም፣ መደቡ ከፍ ማለት አለበት። እነዋሪ አካባቢ ገበሬው ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ዋልካ መሬት ላይ ቤተሰቡ ተሰልፎ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፋፊ መደብና በመሀሉ ውኃ መውረጃ ቦይ ይሠራል። እኛም ያንኑ ነው በትንሹ የምናደርገው።

ወርዱን 1 ሜትር ከ20 አድርጉት። ለምን መሰላችሁ? ከሁለት በኩል ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ እያንዳንዳችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ስትዘረጉ መሀል ላይ እጃችሁ ይገናኛል። መደቡን ማንም አይረግጠውም፣ አፈሩ እንደላላ ይቆያል፣ እናንተም እየተያያችሁ ታወራላችሁ። ርዝመቱ ለጀማሪ 3 ሜትር ይበቃል። ከፍታው 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በመደብና በመደብ መሀል ለሰውና ለባልዲ የሚሆን 50 ሳንቲ ሜትር መንገድ ተዉ፣ በክረምት ያው መንገድ ቦይ ይሆናል። ቦዩ ወደ ታች ማዘንበሉን አረጋግጡ። ካላዘነበለ ውኃው ቆሞ ይቀራል።

መቼ ይቆፈራል? በግንቦት አካባቢ፣ ዝናብ ጥቂት አርሶት ሲለሰልስ። አንድ እፍኝ አፈር ጨብጡና በጣታችሁ ነካ አድርጉት። ከፈረሰ ጊዜው ነው። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ጠብቁ፣ እርጥብ ዋልካ ከተቆፈረ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በዶማ ቆፍሩ፣ ጓሉን አፍርሱ፣ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ። አንዱ ሲቆፍር ሌላው ድንጋይና ሰርዶ ይልቀም። ከዚያ ተቀያየሩ። ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ከባዱን የሚሠራ ከሆነ የጋራ የሚባለው ነገር በቃል ብቻ ይቀራል።

አንዳንድ ገበሬዎች አፈሩን ከምረው ያቃጥላሉ፣ ጓይ የሚሉት ነው፣ ለገብስ። ለጓሮ አልመክርም። ሥር የሚመግበውን የበሰበሰ ነገር አብሮ ያቃጥለዋል።

አራተኛ፦ አንድ መደብ የሱ ብቻ ይሁን

ይሄ የሁሉም መሠረት ነው። ሦስት መደብ ካላችሁ አንዱ የእናንተ፣ አንዱ የሱ፣ አንዱ የጋራ። በሱ መደብ ላይ ምን እንደሚተከል፣ እንዴት እንደሚተከል፣ መቼ እንደሚነቀል የሚወስነው እሱ ነው። እናንተ ሲጠይቃችሁ ትመልሳላችሁ፣ ካልጠየቀ ዝም።

ይህን ያወቅኩት አጥፍቼ ነው። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ለምኜው ካሮት ዘራ። አራርቆ መዝራት ሲገባው ዘሩን አንድ ላይ ዘረገፈው። ምንም አላልኩትም፣ ግን ማታ እሱ ሲገባ ጠብቄ መስመሩን አፈረስኩና እንደገና ዘራሁት። በመስኮት ያየኝ ነበር። አልተቆጣም። ግን ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ዶማ አልነካም። እኔ መስመር ያስተካከልኩ መስሎኝ ነበር። እሱ የተረዳው ግን "የአንተ እጅ እዚህ አይፈለግም" የሚል ነው። አሁን ሳስበው፣ ካሮቱ ተጨናንቆ ቢበቅል ኖሮ ምን ነበረበት? ሲበቅል ማሳሳት ይቻላል። በአንድ ተክልና በሌላው መሀል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪቀር መንቀል ብቻ ነው። የተነቀለውም ለዶሮ ይሆናል።

ስለዚህ ሕጉን በግልጽ ተነጋገሩበት። እናንተ ብዙ የምታውቁ ከሆናችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። "እንደሱ አይደለም" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከጓሮ አውጡት። ስህተቱ ተክሉን የሚገድል ከሆነ አንድ ጊዜ ንገሩት፣ በለስላሳ ቃል፣ ምክንያቱን ጨምራችሁ። ውሳኔው የሱ ይሁን። ተክሉ ቢሞትም የሞተው የሱ ተክል ነው። ሰው የራሱን ኪሳራ ይችላል። የሚያንገሸግሸው በራሱ መሬት ላይ የሌላ ሰው እርማት ነው።

አምስተኛ፦ ፍግና ኩበት

የሚያጋጭ ነገር ስለሆነ ቀድማችሁ ጨርሱት። በደጋችን እንጨት ውድ ነው። እበት ማለት ኩበት ማለት ነው፣ ኩበት ማለት ደግሞ የምጣድ እሳት። አንዳችሁ "ለአትክልት ይሁን"፣ ሌላችሁ "በምን እንጀራ ይጋገር?" ብትሉ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እኛ የተስማማነው እንዲህ ነው። እበቱ ለኩበት ይሁን፣ አመዱ ግን አይጣል። የበግ በጠጥና የዶሮ ኩስ ሙሉ በሙሉ ለጓሮ። የወጥ ቤት ትርፍራፊ ሁሉ ለብስባሽ።

ብስባሹ ከባድ አይደለም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ጥላ ያለበት ቦታ ምረጡ። ከሥር ጭራሮ፣ ከላይ ደረቅ ነገር ማለትም ጭድ፣ ገለባ፣ የደረቀ ቅጠል፣ በላዩ እርጥብ ነገር ማለትም የአትክልት ልጣጭ፣ አረም፣ የቡና አተላ፣ በጠጥ። ከዚያ ስስ አፈር። እንዲህ እየደራረባችሁ አንድ ሜትር አድርሱት። ቅባትና ሥጋ አይግባ፣ አይጥና ውሻ ይጠራል። የባሕር ዛፍ ቅጠልም አታብዙ፣ ቶሎ አይበሰብስም። መሀሉ ላይ እንጨት ሰክታችሁ ተዉት። አልፎ አልፎ መዘዝ አድርጋችሁ ንኩት። ሞቅ ያለና እርጥብ ከሆነ እየሠራ ነው። ደረቅ ከሆነ ውኃ፣ ከገማ ጭድ ጨምሩ። በየወሩ አገላብጡት። ቆላ ላይ በሦስት ወር የሚደርሰው እኛ ጋ በብርዱ ምክንያት ይዘገያል፣ ታገሱት። ባለቤቴ ይህችን እንጨት እየመዘዘ መንካት ይወዳል፣ ጓሮ ውስጥ መጀመሪያ "የኔ ሥራ" ያለው እሷን ነው። በዚያ ብርድ ውስጥ የሞቀ ነገር ማግኘት ሳይገርመው አልቀረም።

ስለ አመድ ሁለት ነገር። በስሱ በተኑት፣ አንድ እፍኝ ለአንድ ካሬ ሜትር ይበቃል። ለድንች መደብ ግን ተዉት፣ አመድ የበዛበት ድንች ልጣጩ ይቆረፍዳል። ትኩስ በጠጥም በቀጥታ ከተክሉ ሥር አታድርጉ፣ ያቃጥላል። ቢያንስ ሦስት ወር ይበስብስ።

ስድስተኛ፦ የመጀመሪያው ወቅት

ድንች በሰኔ። ዘሩ ያጎነቆለ ይሁን። ጉደኔና በለጠ የሚባሉት ከሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎች ናቸው። ከተገኙ እነሱን ምረጡ፣ በክረምት ጉምና ዝናብ ሲበዛ ቅጠል የሚያጠቁረውን በሽታ ከነባሩ ድንች የተሻለ ይችላሉ። በመስመር መሀል 75፣ በድንችና በድንች መሀል 30 ሳንቲ ሜትር። አንድ ስንዝር ያህል ሲያድግ ከግራ ከቀኝ አፈር አልብሱት። ይሄን ሥራ ለሁለት ሥሩት፣ አንዱ በአንድ በኩል፣ ሌላው በሌላው። ፀሐይ ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ክፍል ደግሞ መርዝ ስላለው አይበላም። ከሦስት ተኩል እስከ አራት ወር ቆይቶ ይደርሳል። ሲቆፈር ልጅም፣ ባልም፣ ጎረቤትም ይመጣል። ድንች ከአፈር ሲወጣ ማየት የማይወድ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ነጭ ሽንኩርት በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ። ትልልቁን ፍንካች ለዘር ምረጡ። ሹሉን ወደ ላይ፣ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በመሀሉ 10 ሳንቲ ሜትር፣ መስመሩ 30። ብርድ አይፈራም። ቅጠሉ መቢጨትና መውደቅ ሲጀምር፣ ከአራት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ይነቀላል። ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ነቅላችሁ አቃጥሉ፣ እዚያ መደብ ላይም ለብዙ ዓመት ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ሌላ ሽንኩርት አትመልሱ። በሽታው አፈር ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ መደብ የወጣ ዶማም ታጥቦ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው።

ጎመንና ቆስጣ በክረምት መጨረሻ ይሁን። ለሁዳዴ ከፈለጋችሁ ደግሞ በታኅሣሥ ችግኝ አፍሉና በጥር ትከሉ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የጓሮ ጎመን ዋጋው የሚታወቀው ያኔ ነው። ጎመኑን ከውጭ በኩል ያሉትን ቅጠሎች ብቻ እየቀነጠሳችሁ እምቡጡን ተዉት። ለሳምንታት ይሰጣችኋል። ቅጠሉ ሥር ክሽክሽ የሚባሉትን ትንንሽ ተባዮች ካያችሁ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ወደ ማታ ከሥር ከሥሩ እርጩት።

ካሮት ችግኝ አይፈላለትም፣ እዚያው በቦታው ይዘራል። በብርድ እስከ ሦስት ሳምንት ሳይበቅል ሊቆይ ይችላል፣ ተስፋ ቆርጣችሁ መደቡን እንዳትቆፍሩት።

ሰባተኛ፦ የውርጭ ሌሊት

ፓፓያውን አሁን ልንገራችሁ። ካሮቱን ካበላሸሁበት ዓመት በኋላ፣ ዘመድ ጥየቃ ሸዋ ሮቢት ሄዶ አንድ የፓፓያ ችግኝ በጭኑ ታቅፎ በሚኒባስ መጣ። እንደሚሞት አውቅ ነበር። ይህን ጊዜ ግን ዝም አልኩ። "የት ልትከለው?" ብቻ አልኩት። መሀል ጓሮው ላይ፣ ከሁሉም ቦታ ዝቅ በሚለው ላይ ተከለው። በክረምት ቅጠሉ አማረ። ኅዳር ላይ በአንድ ሌሊት ጠቆረ፣ እንደተቀቀለ ሆኖ ተንጠለጠለ። ጠዋት አጠገቡ ለብዙ ጊዜ ቆመ። እኔም መጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። "ነግሬህ ነበር" የምትለዋን ቃል ባለመናገሬ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ከሰዓት በኋላ ራሱ መጥቶ "ይሄ ውርጭ ግን እንዴት ነው የሚሠራው?" ብሎ ጠየቀኝ። ጓሮ ለሁለታችን የሆነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ቀን መሬት ፀሐይ ትጠጣለች። ሌሊት ደመና ካለ ሙቀቱን እንደ ብርድ ልብስ ይይዘዋል። ሰማዩ ከጠራ ግን ሙቀቱ ወደ ላይ ይሸሻል። ነፋስ ከሌለ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ከብዶ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይወርድና እዚያ ይቆማል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ አንዳንዴም እስከ ጥር፣ ወደ ማታ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ነፋሱም ጸጥ ካለ፣ ሌሊቱን ውርጭ ይኖራል ብላችሁ ተነሡ።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። በነዚህ ወራት ረፋዱ ላይ አፈሩን አጠጡ፣ እርጥብ አፈር ከደረቁ ይበልጥ ሙቀት ይይዛል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳያልፍ በመደቡ ዙሪያ እንጨት ቸክሉና ኬሻ ወይም አሮጌ ጨርቅ ዘርጉበት። አንድ ሰው በአንድ ጫፍ፣ ሌላው በሌላው ይያዝ። ልብሱ ቅጠሉን አይንካ፣ የነካው ቦታ ላይ ቅጠሉ ይጎዳል። ጫፉ እስከ መሬት ይድረስ፣ በድንጋይ ይያዝ። ትንንሽ ችግኝ ከሆነ በላዩ ጭድ ነስንሱበት ወይም ግማሹ የተቆረጠ ሃይላንድ ድፉበት። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ግለጡት። ረስታችሁ ከተዋችሁት በሙቀት ይጠወልጋል።

ባለቤቴ በሚቀጥለው ዓመት መደቡን ወደ ደቡብ ከሚያየው የቤቱ ግድግዳ ሥር አዛወረው። በበጋ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ያ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፣ ማታ ሙቀቱን ይመልሳል። በባሕር ዛፍ ማገር ቅስት ሠርቶ ላስቲክ አለበሰው። ቀን ቀን ሁለቱን ጫፍ ይከፍታል፣ ካልተከፈተ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል። ማታ ይዘጋል፣ በጣም ሲበርድ በላዩ ኬሻ ይጨምራል። እዚያ ውስጥ ቲማቲምና ቃሪያ አበቀለ። ከእናቱ ቤት እንደሚመጣው አይበዛም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚቀላው። የመጀመሪያውን ቲማቲም ሲቆርጥ ለአራት ከፍሎ አንዱን ለጎረቤት ሰጠ። እንደሱ ኮርቶ አይቼው አላውቅም።

ስምንተኛ፦ ቀንና ሰዓት

እኛ አገር በዓል ብዙ ነው። ሰንበት አለ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ አለ። በብዙ ቤት በነዚህ ቀናት አይቆፈርም። ይህን እንደ ችግር አትዩት። በሥራ ቀን ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ሥሩ። በበዓል ቀን ደግሞ ቡናውን ጓሮ አውጡ። ምንም ሳትሠሩ በመደቦቹ መሀል ሂዱ፣ እዩ፣ ለምሳ የሚሆን ቀንጥሱ። ለእኛ ትልልቁ ውሳኔ ሁሉ የተወሰነው በዶማ ቀን ሳይሆን በነዚህ የቡና ቀናት ነው።

ማጠጣቱን በቀን ተከፋፈሉት። አንዱ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ሌላው ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። ውኃ በማይመጣበት ቀን አትክልትና ሩዝ የታጠበበትን ውኃ አስቀምጡ፣ ሳሙና ያለበትን ግን ቅጠላ ቅጠል ላይ አታፍስሱ። ለችግኝ ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ ከማንኛውም ማጠጫ ይሻላል።

አንድ ደብተርም ይኑራችሁ። ምን ቀን ተዘራ፣ ምን ቀን ተበላ፣ ስንት ወጣበት። በአንድ እጅ ጽሑፍ ብቻ የተጻፈ ደብተር ካያችሁ የሆነ ነገር ወደ አንድ ሰው አጋድሏል ማለት ነው፣ ቶሎ አስተካክሉ። ከጓሮ የሚሸጥ ነገር ካለ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል አስቀድማችሁ ተስማሙ። እኛ ለዘርና ለላስቲክ ነው የምናውለው።

ዘጠነኛ፦ ሁለት ዛፍ

መደቡን ሁለት ዓመት ከሠራችሁ በኋላ አፕል ትከሉ። አፕል ብርድ ይፈልጋል፣ ደጋችን ደግሞ ብርድ አያጣም። ግን ብዙዎቹ ዝርያዎች ብቻቸውን በደንብ አያፈሩም፣ ሌላ ዝርያ አጠገባቸው አብቦ ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለስ አለባት። አና የሚባለውና ዶርሴት ጎልደን የሚባለው ጥሩ ጥንድ ናቸው። የተዳቀለ፣ ማለትም በሌላ ግንድ ላይ የተጣበቀ ችግኝ ግዙ። 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ብስባሽ ቀላቅሉ፣ የተዳቀለበት ቦታ ከአፈር በላይ መቅረቱን አረጋግጡ። በሁለቱ መሀል 3 ሜትር ያህል ተዉ። አንዱን እናንተ፣ አንዱን ባለቤታችሁ ይትከል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ገደማ ማፍራት ይጀምራሉ።

የኛዎቹ ዘንድሮ መጀመሪያ አበቡ። የሱ ከእኔው በአራት ቀን ቀደመ፣ በደብተሩ ላይ ጽፎታል። ለሚመጣው ክረምት የሱን መደብ አንድ ሜትር አስረዝመነዋል። ከኔ ነጭ ሽንኩርት ላይ ተቆርሶ ነው። ምን እንደሚተክልበት ገና አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።